ከመኪናው ሥር የሚመጣው ድምፅህ

ሲሳዬ፣

አንተ ስትለየኝ ሰሊጡ ገና ከመሬት ብቅ እያለ ነበር። አሁን ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ጆንያ ገብቷል። ከዚህ ሌላ ቆጠራ አልያዝሁም። ሰው መቼ እንደሞትህ ሲጠይቀኝ "ከሰሊጡ በፊት" እላለሁ። ይገባቸዋል።

የምጽፍልህ ስለ ፍሬኑ ነው። እንዲህ ብዬ መጀመሬ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ግን ሌላው ነገር ሁሉ ከእሱ ጋር ተጠላልፎ ነው የመጣው፤ ብቻውን ነጥዬ ላወጣው አልቻልሁም።

ቤቱ እንዳለ ነው። እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ አልጋቸውን በረንዳው ላይ አውጥተናል። ሸሚዞችህን ደረበ ወስዷል። ወንድምህ ነውና ልኩ ናቸው፤ አንዳንዴ ከኋላው ሳየው ደንግጬ እቆማለሁ። ቱታህን ግን አልሰጠሁትም። ትምህርት ተከፍቷል። ከማዶ፣ ከሱዳን ገላባት በኩል ሸሽተው የመጡ ልጆች ክፍሌ ውስጥ ተጨምረዋል፤ ጥቁር ሰሌዳውን ሳይሆን በሩን ነው የሚያዩት። እኔም በሩን አያለሁ። እንዲህ ሆነን እንማራለን።

መኪናህ ግቢው ውስጥ ነው። ከኒሙ ዛፍ ሥር።

እንዴት እንደመጣ አታውቅም። እኔ ልንገርህ።

ገለጉ ላይ ትኩሳቱ ሲይዝህ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነበር። መኪናው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ጎማው አጋማሽ ሰምጦ፣ አንተ ጋቢናው ውስጥ ተኝተህ፣ ሰዎች እንደደረሱልህ ነገሩኝ። በቃሬዛ ተሸከሙህ። ጎርፉ ጋ ደርሰው እስኪጎድል ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ደፍሮ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንተን የገደለህ መኪናው መሄድ አለመቻሉ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምፈራው መቆም አለመቻሉን ነው። ፍርሃት ቦታውን አያውቅም።

ከቀብርህ ማግሥት መኪናውን በትራክተር ጎትተው አመጡት። የሚጎትቱት ሰዎች ሰንሰለቱን ከኋላ አክስሉ አጠገብ አስረውት ኖሯል። እዚያ የምታልፈውን ቀጭን የፍሬን ቧንቧ ቆልምሞ ሰነጠቃት። ማንም አላየም። ማን ሊያይ? ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ አንዱ ማዕዘን ምሰሶ አጥሮት ነበር። ገመዱን መኪናህ ላይ አሰሩት። ሐዘንተኛው ጎማህን ተደግፎ ተቀመጠ። የእጅ መታጠቢያው ውሃም ከኋላ ጎማው አጠገብ ተቀመጠ፤ ጀሪካኑና ሳፋው።

እና መሬቱ ረጠበ። የፍሬን ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲፈስ የመታጠቢያው ውሃ ነው ብለን አለፍነው። ሊያለቅሱ የመጡ፣ በልተው የታጠቡ፣ የረጠበውን መሬት ረግጠው ያለፉ ስንት ሰዎች! መታጠቢያው ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው "ይኸ ምንድን ነው?" ይል ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ ደረበ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ የዘይት ዕቃው ባዶ ነበር። የረገጠው አየር ነው። አየሩን ወደ ውስጥ ገፋው።

ከዚያ ሥራው መጣ። አንተ የምታውቀው ሥራ።

ደረበ ቧንቧዋን ለወጠ፤ ዘይቱን ሞላ፤ አየሩን ለማውጣት ከሥር ገባ። እኔን ጠራኝ። "ቲቸር፣ እግርሽን አውሺኝ" አለ። እንዳንተ አይጠራኝም፤ እስከ ዛሬ ቲቸር ነኝ። ወጣሁ። ከጀርባዬ የማደርጋት ትራስ እዚያው ነበረች፤ ፔዳሉ ጋ እንድደርስ አንተ ያደረግህልኝ። ቁጭ አልሁ።

አንተ ከሥር ሆነህ ስትሠራ እኔ ምን እንደማይ ነግሬህ አላውቅም። በመስታወቱ የኒሙን ዛፍ ነበር የማየው፤ ሌላ ምንም። ርገጪ ስትል እረግጣለሁ። ያዢ ስትል እይዛለሁ። አንተ ከታች የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ስትፈታት ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሸሻል፤ ወለሉ ላይ ይዤ እቆያለሁ። ስታጠብቃት ልቀቂ ትላለህ። በዘመናችን ሁሉ ለእኔ ፍሬን ማለት ይኸው ነው፦ ዛፉና ከመሬት የሚመጣው ድምፅህ። መንዳት አላውቅም። ሥሩን አይቼው አላውቅም። ግን ሥራው ሲያልቅ ፔዳሉ የት ላይ "በቃ" እንደሚል እግሬ ያውቀዋል። እንደ ደረጃ ነው፤ በጨለማ ቤትህ ውስጥ የምትወርደው ደረጃ።

አሁን ደረበ ከሥር "ርገጪ" አለ። ሲሳዬ፣ ድምፁ ያንተ ነው። ፊት ለፊት ሲያወራ አይመስልም፤ ከመኪና ሥር ሲሆን ግን ያንተ ነው። የኒሙን ዛፍ እያየሁ ረገጥሁ። ያዝሁ። ለቀቅሁ። አራቱንም ጎማ ጨረስን።

ፔዳሉ ለስላሳ ነበር። ደረጃው አንድ እርከን ጎድሎበታል።

ለደረበ ነገርሁት። ወጥቶ ረገጠው። ሁለቴ ሦስቴ ደጋገመው። "ታማም ነው፣ ምንም የለበትም" አለ። "መታ መታ ስታደርጊው ይነሳል።" እንደማይሆን ነገርሁት፤ አንዴ ተረግጦ ነው መቆም ያለበት። ሳቀ። "ቲቸር፣ አንቺ ሰሌዳ ላይ ነው የምትጽፊው፤ ፔዳል ላይ ውጤት ትሰጫለሽ እንዴ?"

እናትህም ሰምተው ነበር። "የሐዘን ነው" አሉኝ ኋላ፣ እጄን ይዘው። "የሐዘን ጊዜ ሁሉም ነገር ይላላል፤ እኔ አባታቸው ሲሞት መሬቱ ራሱ ልምጥ ልምጥ ይልብኝ ነበር።"

ይኸ ነገር ውስጤ ገባ። እውነት ቢሆንስ? ከሞትህ ወዲህ እግሬ ያው እግር ነው? ሰው ጨብጦኝ ሲሄድ መጨበጤን የምረሳ ሰው ሆኛለሁ። ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል። ምናልባት ፔዳሉ እንደ ድሮው ነው፤ የላላሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲጥለው፣ ተደብቄ ጋቢናው ውስጥ እገባና እረግጣለሁ። አንዴ ለስላሳ ይሆንብኛል። አንዴ ደግሞ ደህና ይመስለኛል። ወርጄ እንደገና እወጣለሁ። ጎረቤት አይቶኝ ቢሆን ምን ይል ነበር? ሚስትየው የቆመ መኪና ትነዳለች።

በመጨረሻ ሐሰንን አስጠራሁት፤ ከገበያው ጀርባ መኪና የሚጠግነውን ወዳጅህን። ከልቡ ሠራ። ረግጠሽ ያዢው አለኝ፤ ያዝሁት። ቀስ እያለ ቢሰምጥ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ነበር ጥፋቱ። አልሰመጠም። የኋላውን የፍሬን ሸራ አቀራረበው፤ ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልዳነም። ከዚያ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች አንድ በአንድ በማነቂያ አንቆ ርገጪ አለኝ። ሁሉም ታንቀው ፔዳሉ ያው ለስላሳ ነው።

ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀጥሎ፣ "እህቴ፣ እግርሽ አልዋሸም" አለኝ።

ሲሳዬ፣ አለቀስሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀስሁትን። ሐሰን ስለ ፍሬኑ መስሎት "ኧረ ይሠራል፣ አብሽሪ" ይለኛል።

ፓምፑም ደህና፣ ጎማዎቹም ደህና። መሃል የቀረው የኤቢኤሱ ሳጥን ብቻ ነው አለ፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው መዞሩን አቁሞ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ብረት። አየሩ እዚያ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሳጥኑ በውስጡ ትንንሽ በሮች አሉት፤ ዝግ ናቸው፤ እኛ ከውጭ ስንረግጥ አይከፈቱም። የሚከፍታቸው የኮምፒዩተር መሣሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ጎንደር ነው። መተማ ያሉት መኪኖች አብዛኞቹ ይኸ ሳጥን የላቸውም፤ ሐሰንም እጁ ብዙ አልነካውም።

ለደረበ ይኸ የምሥራች ሆነ። "እኮ! ሰሊጡን ጭኜ ጎንደር እሄዳለሁ፣ እዚያው አሠራዋለሁ!"

ተመልከት እንግዲህ። ፍሬኑን ለማሠራት ያለ ፍሬን ተራራውን መውጣት። ያ መንገድ ደግሞ ሲወጣ ብቻ አይወጣም፤ ይወርዳልም፤ አንተ ስትወርደው የጋቢናውን እጀታ ይዤ ዓይኔን የምጨፍንበት ቦታ አለ። ሐሰን "ቀስ ብሎ ቢሄድ…" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ደረበ ለራሱ ጨረሰው።

መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ከርሞ ተከፍቶ ነበር። ታውቀዋለህ፤ ሲከፈት ሁሉም ይጣደፋል፤ ነገ መልሶ ይዘጋ እንደሆነ ማን ያውቃል። ጫኚዎቹ ጠዋት መጡ፤ ሐሰንም ሊሸኝ መጥቶ ነበር። ጆንያው እየተወረወረ ይደረደር ጀመር። የጎጃም ልጆች ናቸው፤ አጨዳው አልቆላቸው በዚያው ከጆንያው ላይ ተጭነው ወደ አገራቸው ሊገቡ ተስማምተዋል። አንዱ እየጫነ ይዘፍናል። እናቱ ዘንድ ለመግባት ቸኩሏል።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ያንተ ወንበር ላይ፣ ትራሴን ከጀርባዬ አድርጌ። በሩን ቆለፍሁ።

ደረበ መጀመሪያ ቀለደ። "ቲቸር፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሽ?" ቀጥሎ ለመነኝ። ቀጥሎ ተቆጣ። መኪና እንጂ ታቦት አይደለም፣ ቁጭ ብለን ልንሳለመው ነው ወይ አለኝ። የወንድሜን መቃብር ግቢ ውስጥ አቁመሽ ትጠብቂያለሽ አለኝ። ይኸን ሲል ድምፁ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። ጫኚዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። አንዱ "ሴትዮዋ ምን ሆነች?" ሲል ሌላው በቀስታ መለሰለት፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ግን ሁለተኛ አልጠየቀም።

እናትህ ተነስተው መጡ። መስታወቱን በመዳፋቸው መቱ። "አንቺ ልጅ፣ የሞተውን ይዘሽ ያለውን ልታስርቢብኝ ነው?"

ልላቸው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ አንዱን ልጅዎን ቀብረዋል፤ ሁለተኛውን እኔ ልሸኝልዎ? የኒሙን ዛፍ አየሁ። ረገጥሁ። ሸሸ። ረገጥሁ። ሸሸ።

እና ያን ጊዜ ጓንግ ወንዝ ትዝ አለኝ።

ከተጋባን ብዙ አልቆየንም ነበር። በጋ ነው፤ ወንዙ ደርቆ ጠጠሩ ነጭ ሆኗል። ጠዋት ሙሉ ግቢ ውስጥ ርገጪ ልቀቂ ስትለኝ ቆይተህ በድንገት "ነይ እንሂድ" አልኸኝ። የት ብልህ ሳቅህ። ከከተማ ወጥተን ባዶው ጠጠር ላይ መኪናውን አስነሳኸውና በድንገት ፍሬን ያዝህ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ሲርገበገብ፣ መኪናው ሲያጉረመርም፣ እኔ ስጮህ፣ አንተ ስትስቅ። እንደገና። እንደገና። "ቢጫው መብራት ይበራ እንደሆነ እይልኝ" ትላለህ በመሃል፤ እኔ ምን መብራት አያለሁ፤ አንተን ነው የማየው። ከዚያ ከወንዙ ዳር ሐብሐብ ገዛህ። በካቻቢቴ ነው የቆረጥኸው፤ ሱሪህ ላይ ጠርገህ። የመኪና ዘይት ይሸት ነበር። ጠጠሩ ላይ ተቀምጠን ውሃው በክርናችን እየፈሰሰ በላን። ፍሬውን ማን አርቆ እንደሚተፋ ተወራረድን። እኔ አሸነፍሁ።

ያን ቀን ስሸከመው ኖሬያለሁ። ልጅ ሳንወልድ ዓመታት ሲያልፉ፣ ወሬ ሲበዛ፣ አንተ መንገድ ላይ ስትከርም፣ "አንድ ቀን ግን ለእኔ ብሎ ጓንግ ወስዶ አጫውቶኛል" እል ነበር። ሞተህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እንኳ የያዝሁት እሱን ነው።

ጋቢናው ውስጥ የቀረውን አስታወስሁ። ከጓንግ ስንመለስ፣ ሳትታጠብ፣ ጠጠር ፀጉርህ ውስጥ እንዳለ፣ ተመልሰህ ከሥር ገባህና "ርገጪ" አልኸኝ። ለምን እንደገና እንደሆነ ገርሞኝ ነበር። አልጠየቅሁህም።

መርገብገቡ። በሮቹ።

የሳጥኑ በሮች የሚከፈቱት ጎማው ሊንሸራተት ሲል ነው። አንተ ኮምፒዩተር አልነበረህም፤ የነበረህ ጠጠር ነው። ጓንግ የሄድነው አየሩን ከሳጥኑ ለማስወጣት ነው። ለእኔ አልነበረም።

መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ይኸንኑ ነገርኋቸው፤ ጓንግን፣ መርገብገቡን፣ ተመልሰህ ከሥር መግባትህን። ሐብሐቡን አልነገርሁም። ደረበ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሐሰን ግን ግንባሩን መታ። "ወላሂ ልክ ነው!" አለ። "ያን ሰው እኮ…" አለና አሁንም አልጨረሰውም። ሐሰን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም።

ጆንያው ወረደ። ጫኚዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ጭራሽ "ሐዘን ያለበት ቤት ጭነት አይጫንም፣ ብያችሁ ነበር" ብሎ ሌላ መኪና ፍለጋ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የሄዱበት መኪና በሰላም ደርሷል፤ ሰምቻለሁ። እኔ ያዳንሁት ሰው የለም። ይኸን ሳልደብቅ ልንገርህ ብዬ ነው። ምናልባት ደረበም ያለ እኔ በሰላም ይደርስ ነበር፤ አላውቅም፤ ማወቂያም የለኝም።

ባዶውን መኪና ቀስ እያደረገ ደረበ ወደ ጓንግ ነዳው። እኔ ከጎኑ፣ ያኔ በተቀመጥሁበት። አስነሳው፣ ያዘው። ምንም የለም። እንደገና። ጎማው ጠጠሩን ቧጠጠ፣ አቧራው ጋቢናው ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ፔዳሉ ተርገበገበ፤ መኪናው አጉረመረመ። "ኧረ ቲቸር፣ ነፍስ አለው!" ብሎ ጮኸ ደረበ። እኔ ዳሽቦርዱን ነበር የማየው። ቢጫው የብልሽት መብራት አልበራም። በዚህ ጊዜ አየሁልህ።

ተመልሰን አየሩን እንደገና አወጣን። ከኋላ ግራው ጎማ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ወጣ አሉኝ፤ እኔ አላየሁም፤ እኔ የማየው ዛፉን ነው። "ርገጪ" አለ ደረበ ከሥር። "ያዢ።" ያዝሁ። "ልቀቂ።" እና በመጨረሻው እግሬ ቦታውን አገኘው። ጠንካራ፤ ከፍ ብሎ፤ በቃ የሚል።

ደረበ በማግሥቱ ጭኖ ሄደ። እናትህ አላናገሩኝም። መኪናው እስኪመለስ ድረስ በረንዳው ላይ ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ፤ እኔም ከክፍል በሩን ሳይ ሰነበትሁ። ተመልሶ ግቢው ሲገባ ደረበ ሳይወርድ ገና ጋቢናው ላይ ወጣሁ፤ "እንዴት ገባህ" እንኳ አላልሁትም። ረገጥሁት። ቆመ። እናትህ ከታች ሆነው፣ እጃቸውን ጎማው ላይ አሳርፈው፣ "ጠንክሯል?" አሉኝ። "አዎ" አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ደረበን ሳሙት፤ ቀጥሎ እኔን። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ እኔ የጎደለኝን ለማንም ልነግር አልችልም። ፍሬኑ ዳነ፤ ያ ቀን ግን ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ ራሴን አጽናናሁ፤ ለሥራው ከሆነ ብቻውን መሄድ ይችል ነበር፤ እኔን ለምን ወሰደኝ? ወዲያው መልሱ መጣ፤ መብራቱን የሚያይለት ሰው ፈልጎ ነው። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው። አንድ በአንድ እንደ ሐሰን ቱቦዎች እያነቅሁ ፈተሽሁት። መንገዱ ለፍሬኑ። ጠጠሩ ለፍሬኑ። እኔ ለመብራቱ። ሳቅህም ምናልባት ፔዳሉ ስለተርገበገበልህ።

ሐብሐቡ ቀረ። ለእሱ ምክንያት አላገኘሁለትም። ፍሬን ሐብሐብ አይበላም።

ተዝካርህን ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ እናወጣለን፤ እናትህ ጀምረውታል፤ አይጎድልም። የእኔ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ሰሊጡ ጆንያ ሲገባ፣ ጓንግ ሲደርቅ፣ ደረበን ውሰደኝ እለዋለሁ። አየር ባይኖረውም። "ቲቸር አበደች" ይበል። ጠጠሩ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ እኔ ቢጫውን መብራት አያለሁ። ከዚያ በካቻቢቴህ ሐብሐብ እቆርጣለሁ፤ ሳላጥበው፣ ቱታህ ላይ ጠርጌ። ፍሬውንም እተፋለሁ፤ አንተ ተራህ ሲደርስ የምትቆምበትን ቦታ ባዶ ትቼ።

ሚስትህ